ቁልፍ የሌለው በር፦ ከውጭ በገባ መኪና ላይ ሪሞት ስለማስገጠም

የመኪና በር ለብዙ ዓመታት የሚከፈተው እንደ ቤት በር ነበር፤ ጥርስ ያለው ብረት ወደ ቀዳዳው ይገባል፣ ይዞራል፣ ከውስጥ ያለው መቀርቀሪያም ይመለሳል። ዛሬ ግን በአዲስ አበባ ከሚንቀሳቀሱት የቤት መኪናዎች ብዙዎቹ የሚከፈቱት ባለቤታቸው ጥቂት ሜትር ርቆ በእጁ የያዘውን ትንሽ ሪሞት ሲጫን፣ ፍሬቻው ብልጭ ብሎ የአራቱም በሮች መቆለፊያ በአንድ ጊዜ ሲነሣ ነው። ይህ አሠራር በአንዳንዱ መኪና ከፋብሪካ አብሮ የመጣ ሲሆን፣ በሌላው ደግሞ መኪናው አገር ውስጥ ገብቶ ዓመታት ካገለገለ በኋላ በመኪና ኤሌክትሪሻን እጅ ከበሩ ሽቦ ጋር ተቀጥሎ የገባ ነው። የዚህ ጽሑፍ ትኩረት ሁለተኛው ነው፤ ከፋብሪካ የመጣው በመሐንዲሶች ተሰልቶና ተፈትኖ የተገጠመ ሲሆን፣ በኋላ የሚጨመረው ግን ጥራቱም ሆነ አደጋው የሚወሰነው በአንድ ባለሙያ እጅና በአንድ ባለቤት ምርጫ ነውና።

በደቡብ አዲስ አበባ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚገኘው መካኒሳ አቦ ነገሩን ለመረዳት የሚያመች ሰፈር ነው። ከሳር ቤት ተነሥቶ በመካኒሳ በኩል ወደ ጀርመን አደባባይና ወደ ጀሞ የሚወስደው መንገድ ብዙ የመኖሪያ አካባቢዎችን የሚያገናኝ በመሆኑ፣ እንደ ሌሎቹ የከተማዋ ሰፈሮች ሁሉ እዚህም መኪና የሚያድረው አጥር ባለው ግቢ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በጋራ መኖሪያ ሕንፃ ሥርና በመንገድ ዳር ጭምር ነው። ሰፈሩ በስሙ የሚጠራበት የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ መታሰቢያ በሚውልበት፣ በየወሩ በ5ኛው ቀን፣ ይልቁንም በጥቅምት 5 እና በመጋቢት 5 ክብረ በዓላት፣ መኪናውን አቁሞ ለሰዓታት የሚርቅ ሰው ብዙ ነው። ስፖኪዮ በሚነቀልበትና በወንበር ላይ የተረሳ ቦርሳ በሚወሰድበት ከተማ ውስጥ "በሩ በእርግጥ ተቆልፏል ወይ?" የሚለው ጥያቄ የዕለት ተዕለት ጥያቄ ነው፤ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ደግሞ በአብዛኛው ከዓይን በተሰወሩ ጥቂት ሽቦዎች ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ለሌላ ገበያ የተሠራ በር

በኢትዮጵያ መንገዶች ላይ የሚታዩት የቤት መኪናዎች በብዛት ለሌላ አገር ገዢ ታስበው የተሠሩ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ከአውሮፓ፣ አንዳንዶቹ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ አንዳንዶቹም ከጃፓን ገበያ የወጡ ሲሆኑ፣ ከእነዚህ መካከል መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ ተዛውሮ የገቡም አሉ። "ዲኤክስ" እየተባለ የሚጠራው አሮጌው ቶዮታ ኮሮላ በሮቹን በአንድነት የሚቆልፍ ሴንትራል ሎክ የለውም፤ እያንዳንዱ በር በየራሱ በእጅ ይቆለፋል። ከእርሱ በኋላ የመጡት ኮሮላዎች፣ ያሪሶችና ቪትዞች ደግሞ እንደ ወጡበት ገበያና እንደ ደረጃቸው ይለያያሉ፤ አንዱ ሴንትራል ሎክ ኖሮት ሪሞት የለውም፣ ሌላው ሁለቱም ቢኖሩትም ባለቤቱ እጅ ሲደርስ የቀረው አንድ ተራ ቁልፍ ብቻ ይሆናል።

እነዚህ መኪናዎች ለረጅም ጊዜ እንዲያገለግሉ የሚያስገድዱ ምክንያቶችም አሉ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገለ መኪና ዕድሜው በጨመረ ቁጥር የሚከፈልበት ታክስ ከፍ እንዲል አድርጓል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሎ ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ መኪናዎች አዙሯል። አዲስ የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪናዎች በአብዛኛው ያለ ቁልፍ የሚከፈቱና የሚነሡ ሆነው ከፋብሪካ ይወጣሉ። አስቀድሞ የገባውን ቪትዝ ወይም ኮሮላ የያዘው ባለቤት ግን መኪናውን ከመለወጥ ይልቅ ማሻሻል አቅሙ የሚፈቅደው ስለሆነ፣ ሪሞት፣ አላርምና "ፑሽ ስታርት" የሚባለውን በአዝራር የማስነሻ ዕቃ ገዝቶ ወደ ኤሌክትሪሻን መሄዱ የሚጠበቅ ነው።

ከፈረንሳይ የተነሣው ሐሳብ፣ ከደቡብ አፍሪካ የመጣው ኮድ

የመኪናን በር ከርቀት የመክፈት ሐሳብ ወደ ገበያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1982 በፈረንሳዩ ሬኖ ፉዌጎ መኪና ላይ ሲሆን፣ ዕቃውን የፈለሰፈው ፖል ሊፕሹትዝ ነበር፤ ፈረንሳውያን እስከ ዛሬ ሪሞቱን "ፕሊፕ" ብለው የሚጠሩትም በዚህ ሰው ስም መነሻ ፊደላት ነው። ያ የመጀመሪያው ሪሞት ይሠራ የነበረው የቴሌቪዥን ሪሞት በሚሠራበት ዓይነት በዓይን በማይታይ ብርሃን ስለነበር ወደ መኪናው ተነጣጥሮ መያዝ ነበረበት። በኋላ የራዲዮ ሞገድ ብርሃኑን ሲተካ ማነጣጠር ቀረ፤ ሪሞቱ ከኪስ ወይም ከቦርሳ ሳይወጣ መሥራት ቻለ። ነገር ግን ራዲዮ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ስለሚሰራጭ፣ ባለቤቱ የላከውን ትእዛዝ በአቅራቢያው ያለ ማንኛውም መቀበያ ሊሰማው የሚችልበት አዲስ ችግር ተወለደ።

ለዚህ ችግር ከተሰጡት መልሶች አንዱና በዓለም እጅግ የተስፋፋው የመጣው ከአፍሪካ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) በደቡብ አፍሪካ ናኖቴክ በተባለ ኩባንያ ውስጥ ጌዲዮን ኩን ኪሎክ የተባለውን የምሥጢር ቀመር ነደፈ፤ እ.ኤ.አ. በ1995 የአሜሪካው ማይክሮቺፕ ቴክኖሎጂ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በሚበልጥ ዋጋ ገዛው፤ ከዚያም በኋላ በዓለም ዙሪያ በመኪና ሪሞቶች፣ በአላርሞችና በጋራዥ በሮች ውስጥ ገባ። የዚህ ቀመር ቁም ነገር "ተለዋዋጭ ኮድ" የሚባለው አሠራር ሲሆን ዝርዝሩ ወደ ኋላ ይመጣል። አሁን ግን ትእዛዙ ከሪሞቱ ወጥቶ በሩ እስኪከፈት ድረስ የሚያልፍበትን መንገድ መከተል ያስፈልጋል።

በበሩ ሆድ ውስጥ

ገዢው ከመለዋወጫ ሱቅ የሚያመጣው ካርቶን ብዙውን ጊዜ ሁለት ሪሞቶችን፣ የእጅ መዳፍ የሚያህል መቆጣጠሪያ ሳጥን፣ የሽቦ ዘለላና፣ መኪናው ሴንትራል ሎክ የሌለው ከሆነ ደግሞ አራት የበር ሞተሮችን ይይዛል። በሳጥኑ ውስጥ የሪሞቱን ሞገድ የሚቀበል ትንሽ ራዲዮ፣ ኮዱን የሚመረምር ቺፕና "ሪሌ" የሚባሉ ማብሪያዎች አሉ። ሪሌ ማለት በጥቂት ኤሌክትሪክ ታዞ ብዙ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ማብሪያ ነው፤ በውስጡ ያለች ትንሽ የኤሌክትሪክ ማግኔት ስትስባት የብረት ምላሷ ከአንዱ መስመር ተነሥታ ሌላውን ትነካለች። በመኪና ሪሌዎች ላይ የሚታዩት ቁጥሮች የዚህች ምላስ አድራሻዎች ናቸው፤ 30 ምላሷ የተሰካችበት የጋራ መስመር፣ 87ሀ ሪሌው ሳይታዘዝ ምላሷ የምታርፍበት መስመር፣ 87 ሲታዘዝ የምትነካው መስመር ሲሆን፣ 85 እና 86 ደግሞ ትእዛዙ የሚገባባቸው ሁለት ጫፎች ናቸው። ይህን አምስት አድራሻ በትክክል የሚያነብ ሰው ቀሪውን ሥራ ይረዳዋል።

የበሩ ሞተር በ12 ቮልት የሚሠራ፣ ዘንጉ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል የሚወጣና የሚገባ ትንሽ ዕቃ ነው። ሁለት ሽቦ ብቻ ያለው "ተከታይ" ይባላል፤ በአንደኛው ሽቦ ፖዘቲቭ በሌላኛው ነጌቲቭ ሲገባ ዘንጉ ይገፋል፣ ሁለቱ ሲገለበጡ ይስባል፤ ከዚህ በቀር የሚያውቀው ነገር የለም። አምስት ሽቦ ያለው ደግሞ "መሪ" ይባላል፤ ሁለቱ ሽቦዎች እንደ ተከታዩ ሞተሩን ሲያንቀሳቅሱ፣ ሦስቱ በውስጡ ካለ ማብሪያ የሚወጡ ናቸው፤ ባለቤቱ የሾፌሩን በር በቁልፍ ወይም በእጁ ሲቆልፍ ይህ ማብሪያ ለሳጥኑ ስለሚነግረው ሌሎቹ በሮች መሪያቸውን ተከትለው ይቆለፋሉ።

በዚህ ደረጃ ሥራው ከኤሌክትሪክ ይልቅ የብረት ሥራ ነው። ባለሙያው የበሩን ልባስ በካቻቢቴ ጠርዙን እያነሣ ያወጣል፣ ከሥሩ ያለውን የውሃ መከላከያ ላስቲክ ይገልጣል፣ ሞተሩንም ዘንጉ በሩ ውስጥ ካለው የመቆለፊያ ዘንግ ጋር በአንድ አቅጣጫ ጎን ለጎን እንዲሄድ አድርጎ ያሥረዋል። ዘንጎቹ ተጣመው ከታሠሩ ሞተሩ በየጊዜው ከብረቱ ጋር ስለሚታገል ጉልበቱ በአጭር ጊዜ ያልቃል፤ ከመስኮቱ መስታወት መንገድ ላይ ከተቀመጠ ደግሞ መስታወቱ ሲወርድ ይመታዋል። ከሁሉ በላይ ሊረጋገጥ የሚገባው በሩ ከውስጥ በእጅ መከፈቱን ነው፤ ባትሪው በአደጋ ቢቋረጥ ወይም እሳት ቢነሣ ተሳፋሪ የሚወጣው በኤሌክትሪክ ሳይሆን በእጀታው ነውና። የውሃ መከላከያው ላስቲክም ተመልሶ በደንብ መለጠፍ አለበት። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ከመስኮቱ ጠርዝ ወደ በሩ ሆድ ውሃ ይገባል፤ ውሃው በበሩ ሥር ባሉት ቀዳዳዎች እንዲወጣ ታስቦ የተሠራ በመሆኑ፣ ላስቲኩ ተቀዶ ከቀረ ወደ ሳሎኑ ይዘልቃል፣ የሽቦ መጋጠሚያዎችንም ያዝጋል።

ሦስት ዓይነት ትእዛዝ

መኪናው ከፋብሪካ ሴንትራል ሎክ ካለው አዲስ ሞተር ማስገባት አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው የሳጥኑን ትእዛዝ መኪናው በሚያውቀው መንገድ ማድረስ ነው፤ የሥራው ብልሃትም ሆነ ስሕተት የሚጎላው እዚህ ላይ ነው። መኪናዎች ለመቆለፊያቸው ትእዛዝ የሚሰጡት በሦስት ዋና ዋና መንገዶች ነው። የመጀመሪያው በነጌቲቭ የሚታዘዝ ሲሆን፣ በሾፌሩ በር ላይ ያለው ማብሪያ ሲጫን አንዲትን ቀጭን ሽቦ ከመኪናው አካል፣ ማለትም ከነጌቲቩ ጋር ያነካካታል፤ የመኪናው የራሱ መቆጣጠሪያም ይህን አይቶ ሞተሮቹን ያሠራል። ብዙ የቶዮታ ሞዴሎች በዚህ መንገድ የሚታዘዙ ናቸው፤ ለገጣሚውም ቀላሉ ይህ ነው፤ ሪሌው ሽቦዋን ለአጭር ቅጽበት ከነጌቲቭ ጋር ካነካካት በቂ ነው።

ሁለተኛው በፖዘቲቭ የሚታዘዘው ነው፤ አሠራሩ ከመጀመሪያው ጋር አንድ ሆኖ ማብሪያው ወደ ሽቦዋ የሚልከው 12 ቮልት መሆኑ ብቻ ይለየዋል። ሦስተኛው ግን ከሁለቱ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በዚህ ዓይነት መኪና መካከለኛ መቆጣጠሪያ የለም፤ ማብሪያው ራሱ የሞተሮቹን ሙሉ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ሲሆን፣ ማንም ሳይነካው ሁለቱም የሞተር ሽቦዎች በማብሪያው በኩል ከነጌቲቭ ጋር ተያይዘው ያርፋሉ። ስለዚህ ገጣሚው በእነዚህ ሽቦዎች ላይ 12 ቮልት እንዲሁ ቢጨምርባቸው ፖዘቲቩ በማብሪያው አልፎ በቀጥታ ከነጌቲቩ ጋር ይገናኛል፤ ውጤቱም የተቃጠለ ፊውዝ፣ ፊውዝ ከሌለም የተቃጠለ ሽቦ ነው። ትክክለኛው አሠራር ሁለቱን ሽቦዎች ቆርጦ ሪሌዎቹን በመካከል ማስገባት ነው፤ ወደ ሞተሩ የሚሄደው ጫፍ በ30 ላይ፣ ከማብሪያው የሚመጣው በ87ሀ ላይ፣ አዲሱ ፖዘቲቭ ደግሞ በ87 ላይ ሲታሠር፣ ሪሌው ባልታዘዘበት ጊዜ የፋብሪካው ማብሪያ እንደ ቀድሞው ይሠራል፣ በታዘዘበት ቅጽበት ደግሞ ምላሷ ማብሪያውን ለይታ አዲሱን ኤሌክትሪክ ታሳልፋለች።

የትኛው መኪና በየትኛው መንገድ እንደሚታዘዝ በሽቦ ቀለም ብቻ መገመት አይቻልም። ቀለሙ እንደ ሞዴሉ፣ እንደ ዓመተ ምርቱና እንደ ገበያው ይለያያል፤ መሪው ከቀኝ ወደ ግራ በተዛወረ መኪና ላይ ደግሞ የሾፌሩ በር ሽቦዎች ተቀጥለውና ተራዝመው ሊሆን ስለሚችል የፋብሪካው የሽቦ ንድፍ እንኳ ሙሉ በሙሉ አይታመንም። ስለዚህ ጥሩ ባለሙያ ከመቁረጡ በፊት ይለካል፤ የቴስተሩን አንድ ጫፍ ከመኪናው አካል ጋር አያይዞ በሌላው ሽቦውን እየነካ፣ ማብሪያው ሲጫንና ሲለቀቅ የሚታየውን ቮልት ይመዘግባል። አምፖል ያለው የድሮው መሞከሪያ በዘመናዊ መኪና ላይ አይመከርም፤ የኮምፒውተር መስመሮች ሊሸከሙት የማይችሉትን ኤሌክትሪክ ስለሚስብ ሊጎዳቸው ይችላል። ቢጫ ሽፋን ያላቸው መስመሮችና መሰኪያዎች ብዙውን ጊዜ የኤርባግ በመሆናቸው ጨርሶ አይነኩም።

መጋጠሚያው፣ ፊውዙና ባትሪው

ሪሞት ያስገጠመ መኪና ከወራት በኋላ "አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም" የሚል አቤቱታ ሲቀርብበት፣ ጥፋቱ ከሳጥኑ ይልቅ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በመጋጠሚያው ላይ ነው። ልጣጩ ተነሥቶ በጣት የተጠመዘዘና በፕላስተር የተጠቀለለ ሽቦ በመጀመሪያው ቀን ልክ እንደ ጥሩው ይሠራል፤ ነገር ግን መኪናው በተንቀጠቀጠ ቁጥር ይላላል፣ የፕላስተሩ ሙጫ በሙቀት ይቀልጣል፣ እርጥበት ሲገባም መዳቡ አረንጓዴ ያበቅላል። የሚታመነው መጋጠሚያ በሶልደር የተበየደና በሙቀት በሚኮማተር የላስቲክ ቱቦ የተሸፈነ፣ ወይም በተገቢው መቆንጠጫ የተጨመቀ ነው። ከበሩ ወደ ሳሎኑ የሚያልፉት ሽቦዎችም በሩና አካሉ በሚገናኙበት ቦታ ባለው የፋብሪካ የጎማ ቱቦ ውስጥ መግባት አለባቸው፤ በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ሽቦው የሚታጠፈው እዚያ ስለሆነ፣ ከቱቦው ውጭ የተጎተተ ሽቦ በብረቱ ጠርዝ እየተፋቀ መጨረሻው መበጠስ ነው።

ኤሌክትሪኩ ከባትሪው የሚወጣበት ሽቦ ፊውዝ ሊኖረው ይገባል፤ ፊውዙም በተቻለ መጠን ለባትሪው መቅረብ አለበት። የፊውዝ ሥራ ሳጥኑን ማዳን ብቻ አይደለም፤ ሽቦው በመንገዱ ላይ ከመኪናው አካል ጋር ቢነካካ እንዳይነድ የሚያደርገው እርሱ ነው፤ ከፊውዙ በፊት ያለው የሽቦ ርዝመት በሙሉ ግን ጠባቂ የለውም። ካርቶኑ ውስጥ ያለውን ፊውዝ በትልቅ መተካት ወይም በሽቦ ቁራጭ ማለፍ የመኪና እሳት ምክንያት ከሚሆኑ ቸልተኝነቶች አንዱ ነው።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነገር መኪናው ቆሞ ሳለ የሚወጣው ኤሌክትሪክ ነው። ሳጥኑ የሪሞቱን ድምፅ ለመስማት ሌት ተቀን ንቁ ስለሆነ ጥቂት ይበላል። ጤነኛ መኪና ቆሞ ሳለ ከ50 ሚሊአምፔር የማይበልጥ ኤሌክትሪክ ቢወስድ እንደ ደኅና ይቆጠራል፤ ይህ በቀን 1.2 አምፔር ሰዓት ነው፤ 45 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪም ግማሽ ለመድረስ ወደ 19 ቀን ያህል ይፈጅበታል። በስሕተት በተገናኘ ሪሌ ወይም በማይጠፋ መብራት ምክንያት ፍጆታው 200 ሚሊአምፔር ቢደርስ ግን ያው ባትሪ አምስት ቀን ሳይሞላው ግማሹን ያጣል፤ ክፍለ አገር ደርሶ የተመለሰ ባለቤት መኪናው ሞተሪኖ ማዞር አቅቶት የሚያገኘው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ገጣሚው ሥራውን ከጨረሰ በኋላ የባትሪውን ነጌቲቭ ፈትቶ በመካከል ቴስተር በማስገባት ይህን መጠን ለባለቤቱ ሊያሳየው ይገባል፤ ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚወስድ ምርመራ ነው።

ኮዱን ማን ይሰማል?

ሽቦው ጥሩ ሆኖ ሪሞቱ ግን ደካማ ሊሆን ይችላል። ርካሽ በሆኑ ሪሞቶች ውስጥ የሚገኘው ቋሚ ኮድ ነው፤ ሪሞቱ በተጫነ ቁጥር ያንኑ ቁጥር ይልካል። በጣም ከተለመዱት አንዱ የሆነው ኢቪ1527 የተባለው ቺፕ መለያ ቁጥሩን በ20 ቢት ስለሚጽፍ 1,048,576 የተለያዩ ቁጥሮች ሊኖሩት ይችላሉ፤ ስለዚህ የጎረቤት ሪሞት በአጋጣሚ የሌላውን ሰው መኪና የመክፈቱ ዕድል ትንሽ ነው። አደጋው ሌላ ነው፤ ኮዱ ስለማይለወጥ አንድ ጊዜ የሰማው መሣሪያ ለዘወትር ሊደግመው ይችላል። ባለቤቱ ይህን በቀላሉ ማወቅ ይችላል፤ ለግቢ በር የሚሸጠው ሪሞት ገልባጭ ዕቃ የመኪናውን ሪሞት በሰከንዶች ውስጥ ገልብጦ በሩን ከከፈተ፣ ኮዱ ቋሚ ነው ማለት ነው።

ተለዋዋጭ ኮድ ይህን ያስቀራል። በኪሎክ ሪሞት ውስጥ በተጫነ ቁጥር አንድ የሚጨምር ቆጣሪ አለ፤ ቆጣሪው በምሥጢር ቁልፍ ተቀይሮ ስለሚላክ የዛሬው ኮድ ከትናንቱ ጋር አይመሳሰልም፤ ሳጥኑም ያንኑ ቆጣሪ እየተከተለ ያለፈውን ቁጥር ዳግመኛ አይቀበልም። ሕፃን ሪሞቱን ከመኪናው ርቆ ደጋግሞ ቢጫነው እንኳ ሳጥኑ ወደፊት እስከ 16 ቁጥር ድረስ ያለውን ይቀበላል፤ ከዚያ ካለፈ ደግሞ ሁለት ተከታታይ ቁጥሮችን ሰምቶ እንደገና ይስማማል፤ ባለቤቱ ሁለት ጊዜ መጫን ግድ የሚሆንበት ምክንያት ይህ ነው። ይህም ቢሆን ፍጹም አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በጀርመን የቦኹም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቺፑ የሚበላውን ኤሌክትሪክ በመለካት የኪሎክን ምሥጢር ቁልፍ ማውጣት እንደሚቻል አሳይተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ሳሚ ካምካር የተባለ የደኅንነት ተመራማሪ ሞገዱን እያፈነ ኮዱን የሚያጠምድ ትንሽ መሣሪያ ለሕዝብ አሳይቷል። ነገር ግን በቋሚና በተለዋዋጭ ኮድ መካከል ያለው ልዩነት፣ በረት በገመድ ታስሮ በማደርና በጓጉንቸር ተዘግቶ በማደር መካከል ያለውን ልዩነት ያህል ነው።

ሞገዱን ማፈን ብቻውን ለሌባ በቂ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ባለቤቱ ሪሞቱን ተጭኖ ፊቱን አዙሮ ሲሄድ፣ በአካባቢው በዚያው ሞገድ የሚጮኽ መሣሪያ ካለ ትእዛዙ ሳይደርስ ይቀራል፤ በሩም ክፍት ሆኖ ይቆያል። ለዚህ መድኃኒቱ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ፍሬቻው ብልጭ ማለቱን ማየትና አንዱን እጀታ ስቦ መሞከር ብቻ ነው። በበዓል ቀን ብዙ መኪና በሚቆምበት በአቦ ዙሪያ ይህ ልማድ ከማንኛውም አላርም ይበልጣል፤ አላርሙ የሚጮኸው ነገሩ ከተፈጸመ በኋላ ከሆነ "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" የተባለው ይሆናልና።

ሞገዱ ራሱ ከገበያ ገበያ እንደሚለያይም ማስታወስ ይጠቅማል። ለጃፓንና ለሰሜን አሜሪካ የተሠሩ ሪሞቶች በብዛት በ315 ሜጋኸርዝ አካባቢ ሲሠሩ፣ ለአውሮፓ የተሠሩት በ433.92 ሜጋኸርዝ ይሠራሉ፤ ስለዚህ መልኩ አንድ የሆነ የፋብሪካ ሪሞት ተገዝቶ ከመኪናው ጋር አልግባባ ሲል ምክንያቱ ብልሽት ላይሆን ይችላል። በኢትዮጵያ የራዲዮ ሞገድ ሀብትን የማስተዳደር ሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የተሰጠ ሲሆን፣ ትንሽ የምትመስለው የመኪና ሪሞትም የራዲዮ ማሰራጫ ናት።

በር መክፈትና ሞተር ማስነሣት

በር የሚከፍተው ሪሞትና ሞተር እንዲነሣ የሚፈቅደው ቺፕ ሁለት የተለያዩ ጠባቂዎች መሆናቸውን ብዙ ባለቤቶች አያስተውሉም። ከ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በተሠሩ ብዙ መኪናዎች ቁልፍ ራስ ውስጥ ባትሪ የማይፈልግ ጥቃቅን ቺፕ አለ፤ ቁልፉ ማስነሻው ውስጥ ሲገባ በዙሪያው ያለው የሽቦ ቀለበት በአጭር ርቀት ሞገድ ቺፑን ያነቃዋል፤ ቺፑም መለያውን ሲናገር ሞተሩ እንዲነሣ ይፈቀዳል። ይህ "ኢሞቢላይዘር" የሚባለው ጠባቂ በአውሮፓ ኅብረት ከጥቅምት 1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአዳዲስ የቤት መኪናዎች ላይ ግዴታ ሆኗል። ሌባ በሩን ቢከፍት እንኳ መኪናውን ነድቶ እንዳይሄድ የሚያደርገው ይህ ነው።

በኋላ የሚገጠም "ፑሽ ስታርት" ብዙውን ጊዜ ይህን ጠባቂ ያልፈዋል። ሞተሩ ያለ ቁልፍ እንዲነሣ ገጣሚው የትርፍ ቁልፉን ቺፕ አውጥቶ በማስነሻው ቀለበት አጠገብ ለዘወትር ይለጥፈዋል፤ ከዚያ በኋላ ለመኪናው እውነተኛው ቁልፍ ሁልጊዜ እዚያው ያለ ይመስለዋል። ስለዚህ ከፋብሪካ ሁለት ጠባቂ የነበረው መኪና በዚያ ቀን አንድ ጠባቂ ብቻ ይቀረዋል፤ እርሱም ከካርቶን የወጣው ሳጥን ነው። ሪሞቱ ኪስ ውስጥ ሳለ በሩ በራሱ የሚከፈትበት አሠራርም የራሱ ድክመት አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በዙሪክ የስዊዝ ፌዴራል ቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች ከ8 ፋብሪካዎች የወጡ 10 የመኪና ሞዴሎችን ፈትነው፣ ሞገዱን ከሪሞቱ ወደ መኪናው በሚያቀባብሉ መሣሪያዎች ሁሉንም ከፍተው ማስነሣት ችለዋል። ይህ የፋብሪካውንም የሚነካ ድክመት ከሆነ፣ በርካሹ ዕቃ ላይ ተመክቶ ነባሩን ኢሞቢላይዘር ማስወገድ ጥበብ ሊባል አይችልም። በሪሞት የሚከፈት በርና በነባር ቁልፍ የሚነሣ ሞተር ይዞ መቆየት ምቾትንም ጥበቃንም የሚያስማማው ምርጫ ነው።

ለሚቀጥለው እጅ

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ትምህርት አጭር ነው። ባለቤቱ የሚከፍለው ለሳጥኑ ቢመስለውም፣ በሩን የሚያስተማምነው ከመቁረጡ በፊት የለካው፣ ሽቦውን የበየደውና ፊውዙን ከባትሪው አጠገብ ያሠረው ሰው ሙያ ነው። ስለዚህ የሁለት ሱቆችን ዋጋ ማነጻጸር ብቻ አይበቃም፤ ኮዱ ቋሚ ነው ወይስ ተለዋዋጭ፣ ሽቦው ይበየዳል ወይስ ይጠመዘዛል፣ ኢሞቢላይዘሩ ይነካል ወይስ አይነካም ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ተራውንም የብረት ቁልፍ ሪሞቱ ባትሪ ሲጨርስ በሩን እንዲከፍት፣ ቀዳዳው እንዳይዝግ አልፎ አልፎ መጠቀም ይገባል።

ከጥያቄዎቹ ሁሉ በብዛት የሚቀረው ደግሞ በወረቀት የሚሰጠው መልስ ነው። የትኛው ሽቦ የት እንደተቆረጠ፣ ሳጥኑ ከዳሽቦርዱ በስተጀርባ በየት በኩል እንደተሸሸገ፣ ፊውዙ ስንት አምፔር እንደሆነና የት እንዳለ የሚያሳይ አንድ ገጽ ንድፍ ገጣሚው ሥሎ ለባለቤቱ ቢሰጥ፣ ባለቤቱም ከመኪናው ሊብሬ ጋር ቢያስቀምጠው፣ ሥራው ከሙከራ ወደ ሙያ ከፍ ይላል። እነዚህ መኪናዎች ገና ብዙ ዓመት ያገለግላሉ፤ ከአንዱ ባለቤት ወደ ሌላው፣ ከመካኒሳ ጋራዥ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ደሴ ጋራዥ ያልፋሉ፤ የዛሬውን መጋጠሚያም ነገ የሚከፍተው የሠራውን ሰው የማያውቅ ሌላ ኤሌክትሪሻን ነው። ያ ሰው የበሩን ልባስ አንሥቶ በቱቦ የተሸፈነ መጋጠሚያ፣ ከሊብሬው ጋርም በንጹሕ እጅ የተሣለ ንድፍ ሲያገኝ፣ ከእርሱ በፊት በሩን የነካው ባለሙያ እንደነበረ ያለ ምስክር ያውቃል።